ባለጉዳዩ ጉዳዩን ጨረሰ ወይ? የመንግሥት ድረ ገጽ አገልግሎት እንዴት ይመዘናል

አክስቴ አንድ ማስረጃቸውን ለማሳደስ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት በሄዱ ጊዜ፣ በር ላይ የነበረው ጥበቃ «እማማ፣ አሁን ሁሉም በኦንላይን ሆኗል፤ ቤትዎ ሆነው ይሙሉ» ብሎ መለሳቸው። ማታ እሳቸው ዘንድ ስደርስ ቅጹን እንድሞላላቸው ስልካቸውን አቀበሉኝ። እኔ ግን የመንግሥት ድረ ገጾች ለሕዝብ ምን ያህል እንደሚያገለግሉ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ ስለነበር፣ እሳቸው ራሳቸው እንዲሞሉና እኔ አጠገባቸው ዝም ብዬ እንድመለከት ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ።

ገና ስማቸው ላይ ቆሙ። ቅጹ «የመጀመሪያ ስም፣ የመካከለኛ ስም፣ የመጨረሻ ስም» ይላል። የእኛ አገር ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ተብሎ ይጠራል እንጂ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፤ «የመጨረሻ ስሜ ማን ይባላል፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ያንን እንደምንም አልፈው የትውልድ ቀን ላይ ደረሱ። የተወለዱት ጥር 21 ቀን 1950 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። በሦስቱ ባዶ ሳጥኖች ውስጥ 21፣ 5 እና 1950 ብለው ጻፉ፤ ጥር ከመስከረም ሲቆጠር አምስተኛው ወር ስለሆነ አልተሳሳቱም። ድረ ገጹ ግን ቁጥሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 21 ቀን 1950 ብሎ ወሰደና አንዳች ሳይጠይቅ ወደሚቀጥለው ገጽ አሳለፋቸው። ትክክለኛው ቀን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 29 ቀን 1958 ነበር። አክስቴ በአንዲት ጠቅታ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጁ። ነገሩን ስነግራቸው «ይህ ድሮ ቢሆን ጡረታዬን ባፋጠነልኝ» ብለው ሳቁ።

ይህንኑ ድረ ገጽ አንድ ገምጋሚ የመስፈርት ዝርዝር ይዞ ቢመዝነው ጥሩ ነጥብ ይሰጠው ነበር። ገጹ ይከፈታል፤ በአማርኛ ተጽፏል፤ አድራሻው የመንግሥት ድረ ገጽ መለያ አለው፤ ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን የሚያሳየው የቁልፍ ምልክት ይታያል፤ ቅጽ አለው፤ ክፍያም ይቀበላል። ከዝርዝሩ የጎደለ ነገር የለም። የአክስቴ ጉዳይ ግን ካለመፈጸሙም በላይ ተበላሽቷል። ድረ ገጹ ያለውን ነገር መቁጠርና ባለጉዳዩ ያገኘውን ነገር መቁጠር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በዚህ ማብራሪያ የማስረዳውም ሁለተኛው እንዴት እንደሚሠራና የመጀመሪያው ለምን እንደማይበቃ ነው።

አማርኛ ለዚህ ምዘና የሚሆን ቃል አስቀድሞ ነበረው። ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድን ሰው «ባለጉዳይ» እንለዋለን። «ጎብኚ» እና «ተጠቃሚ» የሚሉት አጠራሮች ከኮምፒውተሩ ጋር የመጡ ሲሆኑ፣ ሰውዬውን የሚገልጹት ከማሽኑ ጋር ባለው ግንኙነት ነው። ባለጉዳይ ግን ድረ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ጉዳይ ነበረው፤ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፣ ሱቁን ለመክፈት ንግድ ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ወይም ግብሩን ቅጣት ሳይጨመርበት መክፈል ይፈልጋል። ምዘናው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

በዓለም ላይ በስፋት የሚጠቀሰው መለኪያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣው የኢ-ገቨርንመንት (የኤሌክትሮኒክ መንግሥት) ዕድገት መለኪያ ነው። 193ቱ አባል አገራት ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ነጥብ ይደረደራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ጥናት ዴንማርክ አንደኛ፣ ኢስቶኒያ ሁለተኛ፣ ሲንጋፖር ሦስተኛ ሆነዋል። ነጥቡ የሚገኘው ከሦስት እኩል ክብደት ካላቸው ክፍሎች ነው፤ እነሱም የኦንላይን አገልግሎት፣ የቴሌኮም መሠረተ ልማት እና የሰው ሀብት ናቸው። የአገልግሎቱ ክፍል የሚሞላው ገምጋሚዎች የየአገሩን የመንግሥት ድረ ገጾች እየጎበኙ በረጅም መጠይቅ ላይ ይህ አገልግሎት አለ፣ ያኛው የለም እያሉ በመመዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በ40 ከተሞች የተጀመረ የዚሁ ድርጅት ሌላ ምዘና ደግሞ በ2022 ከየአገሩ በሕዝብ ብዛት ትልቁን ከተማ ወደ ማካተት ስላደገ፣ አዲስ አበባም በዚሁ መነጽር ትታያለች።

ይህ መለኪያ አገርን ከአገር ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሊናገር የማይችለውን ነገር ግን ብዙ ጊዜ እናናግረዋለን። ሁለት ሦስተኛው ነጥብ ስለ ድረ ገጽ አይደለም። አንድ አገር የስልክና የኢንተርኔት ተጠቃሚዎቹ ቁጥር ስላደገ ብቻ፣ አንዲት ቅጽ እንኳ ሳታስተካክል ደረጃዋ ከፍ ሊል ይችላል። ስለ ድረ ገጽ የሆነው አንድ ሦስተኛውም ቢሆን መኖርን እንጂ መሥራትን አይፈትንም፤ የአክስቴን የትውልድ ቀን ያበላሸው ቅጽ በመጠይቁ ላይ «አለ» ተብሎ ነው የሚሞላው።

መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው አብዝተው የሚወዱት ቁጥር ደግሞ የጎብኚ ብዛት ነው። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት «ድረ ገጻችን ይህን ያህል ጊዜ ተጎብኝቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ቁጥር ከንቱነት የአሜሪካን ያህል የሚያስተምር ታሪክ የለም። የጤና መድኅን መግዣ የሆነው የፌዴራል መንግሥቱ ድረ ገጽ፣ ኸልዝኬር ዶት ጎቭ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት ሚሊዮኖች ጎበኙት፤ በዚያ ዕለት ምዝገባውን እስከ መጨረሻው ጨርሰው መድኅን የመረጡት ሰዎች ግን ስድስት ነበሩ። እስከ ሁለተኛው ቀን ማብቂያ ድምሩ 248 ደረሰ። በጎብኚ ብዛት ቢለካ ከታሪክ ሁሉ የተሳካ አጀማመር ይባል ነበር። ብዙ ጎብኚ መኖሩ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ሕዝቡ የሚፈልገውን በአንድ ጊዜ አለማግኘቱንና ደጋግሞ መመለሱን ነው፤ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ረጅም ሰልፍ ስናይ «እንዴት ያለ ተወዳጅ ቢሮ ነው» እንደማንል ሁሉ፣ በዚህም ልንደነቅ አይገባም።

የተሻለ ጥያቄ የጠየቀችው ብሪታንያ ናት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የተበታተኑ ድረ ገጾቿን ጎቭ ዶት ዩኬ በሚባል አንድ አድራሻ መሰብሰብ ስትጀምር፣ በኦንላይን የሚሰጥ ማንኛውም አገልግሎት አራት ቁጥሮችን እንዲያሳውቅ አደረገች፦ ለአንድ ጉዳይ የሚወጣው ወጪ፣ የባለጉዳዩ እርካታ፣ ከጀመሩት ውስጥ የጨረሱት ስንት እንደሆኑ፣ እና ከባለጉዳዮች ሁሉ በኦንላይን የተስተናገዱት ድርሻ። ከአራቱ ሦስተኛው ነው የምዘናው ልብ። ለምሳሌ አንድ ሺህ ሰው ቅጹን ጀምሮ ሦስት መቶው ጨረሰ እንበል። የቀሩት ሰባት መቶ ሰዎች የት ቀሩ? የሚፈለገውን አባሪ ፎቶ አንስተው መላክ አቅቷቸው ነው? በስልካቸው ይመጣል የተባለው የማረጋገጫ ኮድ ሳይደርስ ጊዜው አልፎ ነው? ወይስ ክፍያው ላይ ነው? ጥሩ ሥርዓት ሰዉ በየትኛው ገጽ ላይ እንደቀረ ስለሚመዘግብ፣ ጥገናው የሚያስፈልገው የት ላይ እንደሆነ ማንም ሳይከራከር ይታወቃል።

ይኸው ቁጥር መንግሥት ሊሸፍነው የሚወደውን ውድቀትም ይገልጣል። ብሪታንያ ዜጎች ማንነታቸውን በኦንላይን እንዲያረጋግጡ የሠራችው ቬሪፋይ የተባለ ሥርዓት፣ ከሚሞክሩት ውስጥ 90 በመቶው ይሳካላቸዋል ተብሎ ታቅዶ ነበር። የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ባወጣው ሪፖርት የተሳካላቸው 48 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ በሩ ላይ ይቀር ነበር ማለት ነው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘጋ። ኦዲተሮቹ ይህን ለማለት የቻሉት ቁጥሩ መጀመሪያውኑ ይሰበሰብ ስለነበረ ነው፤ ጀምሮ ያልጨረሰውን በማይቆጥር መሥሪያ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ውድቀት ለዘላለም «በተሳካ ሁኔታ በመከናወን ላይ» ሊሆን ይችላል።

የእርካታ መጠይቅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጠይቁ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ገጽ፣ «ማመልከቻዎ ተልኳል» ከሚለው ጽሑፍ በታች ነው። እዚያ የደረሰው ሰው የተሳካለት ነውና ይደሰታል፤ መንገድ ላይ የቀሩትን ሰባት መቶ ሰዎች የጠየቃቸው የለም። ከሠርግ ቤት ሲወጡ የጠገቡትን ብቻ ጠይቆ ድግሱ ለሁሉም ደረሰ እንደማለት ነው።

በኦንላይን የተስተናገዱት ድርሻ የሚለው አራተኛው ቁጥር ደግሞ በእኛ አገር በተለየ መንገድ ያሳስታል። በየክፍለ ከተማውና በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ያሉትን ኮምፒውተር ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ልብ ያላቸው ሰው ያውቀዋል። ድሮ በዚያው ቦታ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ጃንጥላው ወደ ቆርቆሮ ክፍል፣ ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። ባለጉዳዩ ገንዘብ ከፍሎ ቅጹን ያስሞላል። መሥሪያ ቤቱ ይህን «በኦንላይን የተስተናገደ» ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሰውዬው ግን ትራንስፖርት ከፍሎ መጥቷል፣ ወረፋ ጠብቋል፣ ቅጹን ለሞላለት ሰው ከፍሏል፣ ምናልባትም በመጨረሻ ያተመውን ወረቀት ይዞ ወደ መስኮቱ ሄዷል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ኢሜይል የሌለው ባለጉዳይ ሲመጣ ቅጹን የሚሞላለት ሰው የራሱን ኢሜይል ያስገባል፤ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ የቀጠሮ ለውጥ ቢኖር፣ «አባሪው አይነበብም፤ እንደገና ይላኩ» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ የሚደርሰው ለኮምፒውተር ቤቱ ነው። ባለጉዳዩ ምንም ሳያውቅ ወር ይጠብቃል፤ የግል መረጃው ደግሞ በማያውቀው ሰው እጅ ይቀራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጉዳይ ከሥነ ምግባርም አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ገምጋሚ ከፈረንጆቹ አራት ቁጥሮች ላይ አምስተኛ ቢጨምር፣ እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ በአንድ ኢሜይል ወይም በአንድ ስልክ ቁጥር ስንት ማመልከቻ ተላከ? ቁጥሩ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ውስጥ አለ፤ ለማውጣትም ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። በአንድ አድራሻ ሁለት መቶ ሰው ከተመዘገበ፣ ድረ ገጹ የሚያገለግለው ኮምፒውተር ቤቱን ነው።

የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 በኦንላይን የሚፈጸም ጉዳይ በስልክ ከሚፈጸመው 20 ጊዜ፣ በፖስታ ከሚላከው 30 ጊዜ፣ በአካል ከሚፈጸመው ደግሞ 50 ጊዜ ያህል ርካሽ እንደሆነ ገምቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በየስብሰባው ይጠቀሳሉ። ሆኖም የሚለኩት የመሥሪያ ቤቱን ወጪ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ላይ ተነሥቶ በባለጉዳዩ ጫንቃ ላይ ያረፈ ወጪ ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ቋንቋን በተመለከተ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከውጭ የመጡ የምዘና ዝርዝሮች በዚህ ረገድ «ገጹ በአገሩ ቋንቋ ተጽፏልን?» ብለው ጠይቀው ያልፋሉ። የግእዝ ፊደል፣ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በሚወክለው ዩኒኮድ በተባለ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አማርኛን በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ መጻፍና መፈለግ የሚከለክል የቴክኒክ ምክንያት የለም። ይሁንና በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «እድሳት» ብለው ቢጽፉ እና ገጹ ላይ የተጻፈው «ዕድሳት» ቢሆን፣ ብዙዎቹ ድረ ገጾች «ምንም አልተገኘም» ይላሉ። ለእኛ ጆሮ እና አፍ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የፍለጋውን ሥርዓት የሚሠራው ባለሙያ ሲፈለግ ብቻ እነዚህን እንደ አንድ እንዲቆጥር የሚያዝዝ አጭር ደንብ ቢጨምር ችግሩ ይወገዳል። ሰርተፍኬት፣ ሰርተፊኬት፣ ሠርተፍኬት የሚሉትን አጻጻፎች እየቀያየሩ መሞከር ለማንኛውም ገምጋሚ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ እኔም አዲስ ድረ ገጽ ሳይ አስቀድሜ የምሞክረው ይህን ነው።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። በኦንላይን የተሰጠ ቀጠሮ «8:00» ቢል፣ አንባቢው ስምንት ሰዓት ብሎ ከምሳ በኋላ ይሄዳል፤ ቀጠሮው ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አልፏል። «ጠዋት» የምትል አንዲት ቃል ብትታከል ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ቅጹን የሠራው ሰው ለማን እንደሠራው ማሰቡንና አለማሰቡን ያሳብቃሉ፤ ከውጭ የተገዛ ወይም የተቀዳ ሥርዓት ፓጉሜን የማያውቅ ወር ቆጣሪ ይዞ ይመጣል።

መግለጫዎችና ማስታወቂያዎችስ? አብዛኛው ማስታወቂያ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል። ለሚያይ ሰው ይነበባል፤ በፍለጋ ግን አይገኝም፣ ዓይነ ስውራን በሚጠቀሙበት የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌርም ፎቶ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ አይነበብም። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ክብደቱ የባለጉዳዩን የሞባይል ዳታ ይበላል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ ልዩነት እንዲኖር እስከ መጠየቅ ድረስ ዝርዝር ነው። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ በስምምነቱ አንቀጽ 9 መሠረት መረጃን ተደራሽ ማድረግ ግዴታ ነው። ወደ ቀለም ልዩነት ከመሄዳችን በፊት ግን ደብዳቤውን ፎቶ ማንሳት ትተን በጽሑፍ ብንለጥፈው ትልቁ ሥራ ይቃለላል።

ተርጉሞ ማቅረብና በቋንቋው ማስተናገድ አንድ አለመሆናቸውን በደንብ የተረዳችው፣ የሚገርመው፣ ዋሽንግተን ዲሲ ናት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰዎች፣ ከሁለቱ ያነሰው ቁጥር፣ አንድን ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ ማቅረብ አለበት። አማርኛም ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአፈጻጸሙ ምዘናም በየዓመቱ የሚካሄድ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቶቹ እንግሊዝኛ የማይናገር ባለጉዳይ ሆነው በሚቀርቡ ፈታኞች ጭምር ይፈተናሉ። በአገር ቤት ብዙ ጊዜ የምናየው መነሻ ገጹ በአማርኛ ሆኖ ቅጹ፣ የስሕተት መልእክቱና የክፍያ ገጹ በእንግሊዝኛ የሆነ ድረ ገጽ ነው፤ በሩ አማርኛ፣ ቤቱ እንግሊዝኛ። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ ለሚናገር ዜጋ ደግሞ በሩም ላይከፈት ይችላል።

ይህን ሁሉ ለመመዘን ብዙ ገንዘብ አይፈለግም። ሰዎች ኮምፒውተርን እንዴት እንደሚጠቀሙ ያጠኑት ያኮብ ኒልሰን እና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ፈታኝ በአማካይ ከገጹ ችግሮች 31 በመቶ ያህሉን ስለሚያጋልጥ፣ አምስት ሰዎች 85 በመቶ ገደማውን ያወጣሉ የሚል ስሌት አቅርበዋል። አምስቱ ሰዎች ግን ቢሮው ውስጥ ያሉ አምስት የአይቲ ባለሙያዎች ከሆኑ ስሌቱ አይሠራም። አንድ ጡረተኛ፣ አንድ ነጋዴ፣ አንዲት ከክልል የመጣች ተማሪ፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንዲት ዓረብ አገር የምትሠራ ልጅ ይሁኑ። ጥያቄው በገጹ ቃላት መቅረብ የለበትም፤ «የእድሳት ማመልከቻ የሚለውን ይጫኑ» ከተባለ ፈተናው አልቋል። «ማስረጃዎ ጊዜው አልፏል፤ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ዝም ማለት ነው። ዝም ማለቱ ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ነው፤ እኔም አክስቴ ዘንድ ሁለት ጊዜ እጄ ወደ ስልኩ ሄዶ ተመልሷል። ፈተናው በደካማ ኔትወርክና በርካሽ ስልክ መደረግ አለበት፤ በተጨናነቀ ቀንም ቢደረግ ይመረጣል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊት አገሩ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሲረባረብ የሚሆነውን ያየ ሰው፣ በጸጥታ ቀን የተለካ ፍጥነት ምን ያህል እንደሚያታልል ያውቃል። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ከመስኮቱ ወደ ስክሪኑ ብቻ ከተዛወረ ለባለጉዳዩ ምንም አልተለወጠም።

ሌላው በቀላሉ የሚቆጠር ነገር አንድ መረጃ ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ ነው። በኢስቶኒያ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድን መረጃ ለመሰብሰብ የተለያዩ የመረጃ ቋቶችን ማቋቋም አይፈቀድላቸውም፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ከእሱ ይወስዳል። በኢትዮጵያም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣና ብዙ ሰው ባለ12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር ከያዘ ወዲህ፣ እንዲሁም የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጡ የመሶብ ማዕከላት በ2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ተመሳሳይ መንገድ ተከፍቷል። መመዘኛው ቀላል ነው፦ ድረ ገጹ የፋይዳ ቁጥር ከጠየቀ በኋላ ስም፣ የአባት ስምና የትውልድ ቀን እንደገና ይጠይቃልን? ከጠየቀ ቁጥሩ ያገለገለው እንደ ተጨማሪ ሳጥን ነው። የአክስቴ የትውልድ ቀን በፋይዳ ምዝገባቸው ላይ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ቅጹ መጀመሪያውኑ ባይጠይቃቸው ኖሮ የሚሳሳትበት ዕድል ባልነበረ።

የምዘናው ውጤት የሚጠቅመው ሲታተም ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከማርች 2015 ጀምሮ የፌዴራል ድረ ገጾቿን አጠቃቀም ለማንም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ ታሳያለች። እኛም ጋ የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ስለ ሥራቸው መረጃ ሳይጠየቁ እንዲያትሙ ያዛል። ስለዚህ ጀምረው ያልጨረሱት ባለጉዳዮች ስንት እንደሆኑ የሚገልጽ አንድ መስመር በየመነሻ ገጹ ላይ፣ ሪባን ሲቆረጥ ከሚያሳዩት ፎቶዎች ዝቅ ብሎም ቢሆን፣ ቢቀመጥ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም።

የአክስቴን ቀን ለማስተካከል ቅጹ ላይ «አርም» የሚል ቦታ ፈለግን፤ አንዴ ከተላከ በኋላ አይታረምም ነበር። በሳምንቱ የክርስትና ወረቀታቸውንና መታወቂያቸውን ይዘን ሄድን። ከጥበቃው አልፈን፣ ወረፋ ጠብቀን መስኮቱ ጋ ስንደርስ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀና ብላ ጠየቀች፦ «እማማ፣ ይህ በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ?»